ቦሌ በጣሳ

ፊቴን እዩልኝ። አትፈሩ፣ ትኩር ብላችሁ እዩት። ጉንጬ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁሉ የፈንጣጣ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ አራት ልጆች አንድ መደብ ላይ ተኝተን ሦስቱ አልተነሡም። ሁለት ወንድሞቼና አንዲት እኅቴ በአንድ ወር ውስጥ አለቁ። እኔ ተረፍኩ። ለምን እኔ እንደተረፍኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናቴም ሳታውቅ ሞተች።

እንግዲህ ይህን ፊት ነው የገዛ ወንድሜ ሽባባው ለገበያ ያወጣው። "እኅቴን ብታዩዋት! ከልጅነቷ ማዕድን እየላሰች ስላደገች አይደል ፈንጣጣው ያልገደላት!" እያለ መርካቶ ለመርካቶ ሲያወራብኝ ከርሟል። በእኔ ፊት! በሞቱት ልጆች ላይ! ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ ንዴቱ ይቀድመኛል።

አዛለች እባላለሁ። ቡታጅራ ዓርብ ገበያ ቦሌ እሸጣለሁ። ቦሌ ከቆላ፣ ከሐይቆቹ ዳር እየተቆፈረ የሚመጣ ጨው ጨው የሚል አፈር ነው፤ ለከብት ነው። ላም ስትልሰው አፏ ይከፈታል፣ ሣሩን ትግጣለች፣ ወተቷ ይጨምራል። ይህን ማንም አይክድም፣ እኔም አልክድም፤ አሥራ አምስት ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ያረጋል የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር በየወሩ አምስት ጆንያ ያነሣልኝ ጀመር። "ለማን ነው ይሄ ሁሉ?" ስለው፣ "አዲስ አበባ ለሚደልቡ በሬዎች" አለኝ። እኔ ምን ቸገረኝ? ጫንኩለት።

ሽባባው እናቴ ከዚያ ሁሉ ሞት በኋላ የወለደችው ልጅ ነው። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። በልጅነቱ መርካቶ ወርዶ ጫማ ጠረገ፣ ተሸከመ፣ ኋላ ሱቅ ያዘ። እንደኛ አገር ወንድ ሁሉ ሚስቱንና ልጁን እዚህ ትቶ በዓመት አንዴ ለመስቀል ይመጣል። ሚስቱ ሰገነት ናት፤ ግቢያችን አንድ ነው። ልጃቸው ወለተ ሐና ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ልጅ የለኝም፤ እሷን ነው የምላችሁ፣ ዓይኔ እሷ ናት።

እኛ ጋ ነገር ሁሉ ለመስቀል ይቀጠራል። ጣራ ለመስቀል ይከደናል፣ የተጣላ ለመስቀል ይታረቃል፣ ልጅ የሚዳረውም የማይዳረውም ለመስቀል ይወሰናል፤ አባወራው ያኔ ነዋ ያለው። ሴቲቱ ዓመቱን ሙሉ ታርሳለች፣ እንሰት ትፍቃለች፣ ታሳድጋለች፤ ትልቁን ቃል ግን እሱ እስኪመጣ ይዛ ትቆያለች። ሰገነትም እንደዚያው ናት።

ለፋሲካ ነው የመጀመሪያው ጣሳ የመጣው። ያረጋል ነው ያመጣው። የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ወረቀት ለጥፈው፣ ወረቀቱ ላይ ኮርማ ሥለውበት፣ ከኮርማው በታች ጽሑፍ አለው። የጎረቤት ተማሪ አነበበልን፦ "ኃይለ ማዕድን። ከምድር የተገኘ ንጹሕ የተፈጥሮ ኃይል። ደም ያጠራል፣ ሰውነት ያጠነክራል፣ በሽታ አያስገባም።" ውስጡ ግራጫ ዱቄት ነው፤ እንደ ዱቄት የላመ፣ የተነፋ። ሰገነት ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ በውኃ በጥብጣ ለልጅቷ ታጠጣት ጀመር። ልጅቷም እውነት ለመናገር መብላት ጀመረች። ቆጮውን ስትሰጣት ትጨርሳለች፣ ጎመኑን ትጠርጋለች። ሰገነት በደስታ ልትሞት! "አየሽ እትዬ፣ ኃይል ሰጣት!" ትለኛለች።

እኔም አመንኩ። ምን አለፋችሁ፣ አመንኩ! ወንድሜ ነው የላከው፣ ጽሑፍ አለው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ቀምሼው እንኳ አላውቅም፤ የልጅ መድኃኒት ይቀመሳል እንዴ? ከማመንም አልፌ ሄድኩ። ጎረቤታችን ዘርፈሽዋል ሁለት ልጆች በጨቅላነታቸው ሞተውባት ሦስተኛውን፣ ወልደአማኑኤልን፣ ገና መዳህ ሲጀምር ዓይኗን ከሱ ሳትነቅል የምታሳድግ ምስኪን ናት። ግማሽ ጣሳ ቀንሼ፣ በገዛ እጄ ወሰድኩላት። "ጠዋት ጠዋት በጣትሽ ጫፍ አልሺው፣ በሽታ አያስገባም" አልኳት። እጄን ይዛ ሳመችኝ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በስድሳ አራት መስከረም፣ መስቀል አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ዕለት ክትባት ሰጪው ገበያ መጣ። ደበሌ ይባላል፤ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ብዙ የማያወራ ልጅ ነው። ፈንጣጣን ከአገር እናጠፋለን ብለው ከተሠማሩት አንዱ ነው። ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ አለው፣ ክንድ ላይ ጠቅ ጠቅ ያደርግና አለቀ። እኔ ሳየው ልቤ ዘለለ። ቦሌዬን ሜዳ ላይ ጥዬ ሮጥኩና ግቢያችን ድረስ ይዤው መጣሁ።

"ልጅቷን አምጫት" አላት ሰገነትን።

"እሷ ማዕድን ትወስዳለች" አለችው ጣሳውን ከመደርደሪያ አውርዳ። "በሽታ አያስገባም።"

ደበሌ ጣሳውን አገላብጦ አየው። አልሳቀባትም። "እኅቴ፣ ይሄ ምናልባት ምግብ ያስበላት ይሆናል። የጎደላት ነገር ካለም ይሞላላት ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ፈንጣጣን ግን ሰውነት የሚመክተው አስቀድሞ ከፈንጣጣ ዘመድ ጋር ከተዋወቀ ብቻ ነው። እኔ የያዝኩት ያንን ዘመዱን ነው። ዱቄት ይህን አያስተምርም።"

"ታዲያ እሳቸውስ?" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። "ሽባባው ጽፎልኛል። እትዬ አዛለች በልጅነታቸው የምድር ማዕድን ሲልሱ ስላደጉ ነው የተረፉት ብሏል። ይኸው ቆመው የለ?"

በዚያች ደቂቃ ነው የሰማሁት። መጀመሪያ ምን እንዳለች አልገባኝም።  "ማነው ሲልስ ያደገው?" አልኳት። "እኔ ምን ልሼ አውቃለሁ?" ጣሳውን ከእጇ ነጠቅኩና ጣቴን ከትቼ ቀመስኩት።

ቦሌ ነው!

ይሄማ ቦሌ ነው! ሌላው ይሳሳታል እንጂ እኔ እሳሳታለሁ? ሌሊት ስተኛ እንኳ ከጥርሴ የማይወጣ ጣዕም ነው። የኔው ቦሌ! ከኔው ጆንያ፣ በያረጋል መኪና ወጥቶ፣ መርካቶ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ጣሳ ገብቶ፣ ኮርማ ተሥሎበት፣ በያረጋል መኪና ተመልሶ የመጣ! ለበሬ ነው ያለኝ ያ ውሸታም! ለነገሩ አልዋሸም፣ በሬዎቹ እኛ ነና!

"ሰገነት፣ ቦሌ ነው እኮ! የከብት ቦሌ! ልጅቷን አምጫትና ይውጋት!"

ሰገነት ማልቀስ ጀመረች። ከመቀነቷ ደብዳቤ ፈታ አወጣች። ተማሪው ስላነበበላት በቃሏ ይዛዋለች። "ልጄን መስቀል ሳልመጣ ማንም እንዳይወጋት። ክንዷን አቁስለው በበዓል እንዳያስተኙብኝ፤ ጠባሳም አልፈልግም" ይላል። "ምን ላድርግ እትዬ? ልጁ ናት። አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረው። ሲመጣ እሱ ራሱ ይወስን።"

ደበሌ እኔን አየኝ። "እርስዎስ? አክስቷ አይደሉ?" አለኝ።

አሁን እዚህ ላይ ነው ራሴን የምረግመው። ልጅቷን በጉያዬ አድርጌ ክንዷን መዘርጋት ነበረብኝ። ማን ይከለክለኝ ነበር? ሰገነት ትከለክለኛለች? ግን በወንድሜ ልጅ ላይ፣ ወንድሜ በሌለበት፣ ቃሉን ሽሬ? በሬውን የሚገዛው እሱ ነው። መስቀልን በእሱ ሰንጋ ነው የምንውለው፤ ለመበለት እኅቱ ቀሚስና ጋቢ የሚያመጣው እሱ ነው። ደግሞ ጎረቤት ቢሰማ፣ "ሽባባው የከብት ቦሌ ለሰው ይሸጣል" ቢባል፣ የቤታችን ስም ምን ይሆናል? ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አለፈብኝ። "ይሁን፣ መስቀል ይለፍ" አልኩ። ከዚሁ አፌ ነው የወጣው። ለዘርፈሽዋልም አልነገርኳትም። ስም እንዳይጠፋ ብዬ!

ደበሌ መርፌውን ጠቀለለ። "ከነገ ጀምሮ ቅበት ከተማ ነኝ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ላኩብኝ" ብሎ ሄደ።

የደመራ ዕለት ከሰዓት አውቶቡሱ መጣ። የአዲስ አበባ ሰው ከነጓዙ ፈሰሰ። ሽባባው ካፖርቱን ለብሶ ወረደ። በዚያ ሙቀት ካፖርት! ፊቱ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። መንገድ ዳር ልጇን አዝላ የቆመችውን ዘርፈሽዋልን አገኛት፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዶ ግንባሩን ሳመው። "ዱቄቴን ይወስዳል አሉ፣ ጎበዝ!" አለው። ግቢ ሲገባ ወለተ ሐና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱም አቅፏት ተቀመጠ።

እኔ ውኃ ላቀብለው ጠጋ ስል ግንባሩን አየሁት። የፀጉሩ ሥር ላይ፣ ጥቃቅን፣ ጠጠር ጠጠር ያለች ሽፍታ። እጁን ያዝኩና ገለበጥኩት፣ መዳፉ ላይም አለች። ጣቴን አስኬድኩባት። ከቆዳው በታች ጥይት የተቀበረ ይመስላል። እኔ ይህችን ጠጠር አላውቃትም? ከሞቱት ጋር ተኝቼ ነው ያወቅኳት!

"ልጅቷን አውርድ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ምን ሆነሻል እታለም? የመኪና ሙቀት ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ያደርኩበት ቤት ልጆች ትንሽ አተኩሷቸው ነበር፣ እኔ ዱቄቴን..."

"አውርዳት አልኩህ!" መንጭቄ ወሰድኳት። እሷ ታለቅሳለች፣ ሰገነት ትጮኻለች፣ እሱ "አበደች እንዴ!" ይላል። ያን ሌሊት ልጅቷን ይዤ እኔ ቤት አደርኩ፤ ሰገነትንም ከባሏ ለይቼ አስቀረኋት።

በነጋታው መስቀል ነው። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤት ለቤት ክትፎ ለመቅመስ ይዞራል። እኔ በራችን ላይ እሾህ ጎትቼ ዘጋሁት። በመስቀል! የሰፈሩ ሰው ቆሞ አፉን ያዘ። "ሽባባው አዲስ አበባ ሄዶ እኅቱን አሳበዳት" አሉ። ይበሉ! ለሰገነት "ሰው ካስገባሽ እገልሻለሁ" አልኳትና ወደ ቅበት ጉዞ ያዝኩ። የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ግማሹን ሮጥኩት። ቅበት ስደርስ ሃሊማ የምትባል የቦሌ ደንበኛዬ ደበሌ ያረፈበትን አሳየችኝ፣ ሁኔታዬን ስታይ የባሏን በቅሎ ሳትጠየቅ ጫነችልን። "ወላሂ ፊትሽ ሌላ ነው፣ ፍጠኑ" አለችን።

"ትናንት ነው የነካት?" አለኝ ደበሌ በመንገድ ላይ።

"ትናንት ከሰዓት።"

"ሦስት አራት ቀን ካላለፋት ተስፋ አለ። መርፌው ከበሽታው ቀድሞ ይደርሳል።"

ማታ ላይ ገባን። ሽባባው ፊቱ ሁሉ ወጥቶበት መደቡ ላይ ተኝቷል። ደበሌን ሲያይ በክርኑ ተነሣ። "ልጄን እንዳትነኳት! ዱቄቱን ጨምሩላት፣ ሁለት ማንኪያ!"

"ዝም በል!" አልኩት። "አዝዬ ያሳደግኩህ ነኝና ዝም በል! ቦሌዬን ለእኔ መልሰህ ትሸጣለህ? ፊቴን ትሸጣለህ? ልጅቷን ግን አትሸጣትም!" ወለተ ሐናን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ክንዷን ዘረጋሁት። ደበሌ ጠቅ ጠቅ አደረጋት። ጮኸች፣ አለቀ። ይኸው ይህችን ለማድረግ ነበር አሥራ አንድ ቀን የጠበቅነው! ሰገነትም ክንዷን ራሷ ሰጠች። ከዚያ የነበሩትን ጣሳዎች አምጥቼ ለላሞቹ ደፋሁላቸው። ጠርገው ላሱት። ለሚገባው ገባ።

"ሌላ የነካው አለ?" አለ ደበሌ።

ዘርፈሽዋል! ሮጥኩ። ቤቷ ተዘግቷል። ለመስቀል ሕፃኑን አዝላ ወደ ወላጆቿ አገር ሄዳለች፣ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ደበሌ በአውቶቡሱ አብረው የመጡትን ሊያድን ጎህ ሳይቀድ መሄድ አለበት። "በሁለት ቀን ውስጥ እዚሁ አምጡልኝ፣ እመለሳለሁ" አለ። በማግሥቱ ወደዚያ ደርሶ የሚመለስ ሰው አገኘሁና ላክሁባት፦ "ፈንጣጣ መጥቷል፣ ልጁን ይዘሽ ለክትባት ነይ።" መልሱ ማታ መጣ። "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ አያስቡ። ዱቄቱን ሳላቋርጥ እየሰጠሁት ነው" ብላለች።

ያኔ እንኳ ራሴ ብሄድ! "ቦሌ ነው ብላችሁ ንገሯት" ብዬ መልእክተኛውን ብመልሰው! ስሙን ፈርቼ ያንን ቃል ዋጥኩት። እግሬ አብጧል፣ የታመመ አለብኝ አልኩ። ምክንያት ሞልቶ።

የወለተ ሐና ክንድ አበጠ፣ አተኮሳት፣ ቁስሉ ደረቀ፣ ጠባሳው ቀረ። ሌላ ምንም አልወጣባት። ሰገነትም ዳነች። የዘርፈሽዋል ልጅ በጥቅምት መጀመሪያ ወጣበት፣ በስምንተኛው ቀን ሞተ። ቀብሩ ላይ ቆሜም ቦሌ ነው ብዬ አልነገርኳትም።

ሽባባውም ተነሣ። ቅርፊቱ ረግፎ ፊቱ እንደኔ ሆነ፤ መስታወት ስጪኝ ብሎ ሲያይ ቆየና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። አሳዘነኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሐዘኔ ግን ሦስት ቀን አልቆየም። ደህና ሆኖ ጠያቂ ሲመጣለት ከውጭ ሆኜ እሰማለሁ። "ዱቄቱን ባልወስድ ኖሮ አልቄ ነበር" ይላል። "አሁን እንኳ ገዢው የዱቄቱን ኃይል በእኔ ያያል!"

 ገባሁና ክንዱን ያዝኩት። "ተነሥ።"

"ወዴት?"

"ተነሥ አልኩህ!" ጎትቼ በሰው ፊት አወጣሁት። እየታገለኝ አጥሩን አለፍን፣ ዘርፈሽዋል ቤት አስገባሁት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየው ተነሥታ እጅ ነሣች።

"ጋሼ ሽባባው፣ እንኳን እግዜር ማረህ" አለችው።



ዘርፈሽዋል ከመደርደሪያዋ ጣሳውን አወረደች። ገና ሩብ ያህል ቀርቶታል። "አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር፣ እንዴት ብዬ እንደምመጣ አጥቼ ነው" አለች። "እትዬ በጣትሽ ጫፍ ብለውኝ ነበር። እንዳያልቅብኝ ብዬ አንዳንድ ቀን ቀንሻለሁ። ላንተ ሠርቶ ለልጄ ያልሠራው ለዚህ ይሆን? አሳንሼበት ነው የሞተው?"

ሽባባው ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አስጥይኝ የሚል ልጅ መሰለ፣ ያው በአንቀልባ ያዘልኩት ልጅ።

"ንገራት" አልኩት።

"አላሳነስሽም" አለ፣ ድምፁ አይሰማም።

"ጮክ በል!"

"አላሳነስሽም። ቦሌ ነው። የከብት ቦሌ ነው፤ ለፈንጣጣ ምንም አይሠራም።"

ዘርፈሽዋል ጣሳውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቦሌ ማን እንደሚሸጥ ቡታጅራ ውስጥ የማያውቅ የለም።

"የኔ ቦሌ ነው" አልኳት። "ያመጣሁልሽም እኔ ነኝ። ከደመራ አሥር ቀን ቀድሜ ቦሌ መሆኑን አውቄ ነበር። መስቀል ይለፍ፣ የወንድሜ ስም አይጥፋ ብዬ ዝም አልኩሽ። መልእክት ስልክብሽም አልነገርኩሽም።"

ክዳኑን ቀስ አድርጋ ገጠመችው። ጣሳውን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው፤ ያን ቀን የሳመችው እጄ ላይ።

"ውጡልኝ" አለች።

ወጣን።